ሁሉ የሚቀዳባት ፍላሽ

«ዋኔ፣ የቻላቸውን ፍላሽ ከስድስት ሰዓት በፊት በዚች ተኪያት።»

ሞላ ፍላሿን ከብርቱካን ጋር በፌስታል አቀበላት። ንፋስ መውጫ መናኸሪያ፣ በጠራራ ፀሐይ። ልጃገረድ ጠላፊዎችን በሚከታተለው ስውር ክፍል ውስጥ አለቃዋ ነው፤ በምስጢር ስሟ ዋኔ ብሎ የሚጠራትም እሱ ብቻ።

«ቻላቸው ቢነቃብኝስ?»

«አይነቃም። የእሱ ፍላሽ ተመርዟል፤ ይቺ ንጹሕ ናት።»

ለቻላቸው አስማ ናት፤ ኮምፒውተር ቤቱ ውስጥ ማመልከቻ የምትተይብለት። ከጠለፋ ያመለጡ አርባ ሦስት ልጃገረዶች የተደበቁበት አድራሻ እሱ በሚሠራው ድረ ገጽ ላይ ተቆልፎ ተቀምጧል። ታዲያ ወይ ጉድ! ኔትወርኩ ሲያንቀላፋ ስለሚውል፣ ለድረ ገጽ መሥሪያ የሚያስፈልገውን፣ ሌሎች የጻፉትን ኮድ ከኢንተርኔት የሚያወርድ የለም። ቻላቸውም፣ ድረ ገጽ የሚሠሩ የወገዳና የእስቴ ልጆችም የሚቀዱት ከእሱ አንዲት ፍላሽ ነው። እሷ ከተመረዘች ሁሉም አለቀ።

አስማ ኮምፒውተር ቤቱ ገብታ ሁለቱንም ፍላሾች የቻላቸው ላፕቶፕ ላይ ሰካች። ቻላቸው የእያንዳንዱን ኮድ አሻራ፣ ኮዱ ከተነካ የሚለወጠውን ቁጥር፣ መዝግቦ ይይዛል፤ ከዚያ ጋር አመሳከረች። የቻላቸው ሁሉም ልክ። ከሞላ ፍላሽ ግን አንዷ አልገጠመችም፤ ቀን መቁጠሪያ የምታወጣ ሚጢጢ ኮድ። ከፍታ አነበበቻት። ድረ ገጹ ላይ ከገባች አድራሻውን ሁሉ ለማይታወቅ ሰው ትልካለች።

ያ አላህ! ሞላ ለጠላፊዎቹ ተሸጧል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ!

በር ላይ አንድ ቄስ ማመልከቻቸውን ጠየቋት።

«መጣሁ አባ።»

ሰጥታቸው ስትመለስ ቻላቸው ወንበሯ ላይ ተቀምጧል።

«አስሚ፣ አዲስ አምጥተሽ ዝም ትያለሽ እንዴ? የተጻፈበት ቀን የቅርብ ነው ብዬ በአሮጌው ላይ ገለበጥኩት። ስድስት ሰዓት ላይ ላፕቶፑ ራሱ ድረ ገጹ ላይ ይለቀዋል።»

አራት ደቂቃ ቀርቷል።

ሞላ ከመንገዱ ማዶ ባጃጅ ውስጥ ሆኖ ያያታል። ለቻላቸው ብትነግረው ይጮኻል፤ ምስጢሩን ያወቀውን ደግሞ ሞላ አያሳድረውም። ምንም የማያውቅ ግን ይተርፋል።

ሳትነግረው ብታጠፋው ደግሞ መልሶ ይጭነዋል። ሌባ መሆን አለባት።

ላፕቶፑንና ፍላሾቹን አፍሳ በጓሮ በር ወጣች።

«አስማ! ኧረ የሁለት ዓመት ልፋቴ ነው! ምን በደልኩሽ?»

አልዞረችም። ከጓሮው ማዶ ካለው ገደል አፋፍ ደርሳ ሁሉንም ወረወረችው፤ ከታች ዓለቱ ላይ ሲፈረካከስ ሰማች።

ከከተማው ወጣ ብላ ሚኒባስ አስቆመች። ስድስት ሰዓት አለፈ። ስልኳን ከፈተች፤ ገጹ በድሮው ኮድ ቆሟል። አርባ ሦስቱም እንደተደበቁ ናቸው። የሞላን ክህደት ለበላዮቹ ጻፈችና ሲም ካርዷን ሰብራ በመስኮት ጣለች።

አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ ወሬው ደርሷቸዋል።

«ሰማሽ ልጄ? አንዷ ሌባ የዚያን ደግ ልጅ ላፕቶፕ ይዛ ጠፋች። መሬት ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል አሉ። እጇን ይቁረጠው!»

«አሜን» አለች አስማ።