የጋሼ ስክሪን እምቢ አለ

ሁሉም «ጋሼ» የሚሉት መሐንዲስ ሞቶ የተገኘው ግማሽ አካሉን ከጠረጴዛው ሥር አስገብቶ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ በእጁ እንደ ጨበጠ፣ በደረቱ ተደፍቶ ነው። ከበላዩ ጠረጴዛው ላይ አንድ ጥቁር ስክሪን ቆሟል። በስክሪኑ ጥግ ትንሽ ቢጫ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። በዚያ ቢሮ ውስጥ ከእሷ በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ በሌለችበት «እሳቷ» ይሏታል። ሰምታለች፤ አልከፋትም። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን እውነትም እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ነበር የመጣችው። አለቃዋ ገና መንገድ ላይ ሳለች ደውሎ፣ «ሬሳውን እዪና ፋይሉን ከምሳ በፊት ዝጊልኝ፤ አደጋ ነው፤ ጥፋተኛውም ተይዟል» ብሏታል። ሬሳው ሳይታይ ጥፋተኛው ተያዘ! እንዲህ ከሆነ እሷ ለምን ተጠራች?

«ነገሩ እኮ ግልጽ ነው» አለ ምክትሏ ከበሩ ተቀብሏት። «ስክሪኑ አንዴ ከተኛ አልነቃ እያለ ሟችን ሲያስመርረው ነው የሰነበተው። ትናንት ከሰዓት ኮምፒውተር ጠጋኙን አስጠራ። ጠጋኙ ከጠረጴዛው ሥር አዲስ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ገጠመና ‹ተሠርቷል› ብሎ ሄደ። አልተሠራም። ሰውየው ማታ ራሱ ሊያየው ገባ፣ ኤሌክትሪክ ያዘው፣ ደንግጦ ቀና ሲል ጭንቅላቱን ጠረጴዛው መታው። አለቀ። ጠጋኙ ታች መኪና ውስጥ ነው።»

«ሐኪሙስ ምን አለ?»

«የገደለው የጭንቅላት ምት ነው። ቀኝ ጆሮ ግንዱ ላይ።»

«እጁ ላይ የተቃጠለ ነገር አለ?»

«የለም። ግን ኤሌክትሪክ ሁልጊዜ ምልክት አይተውም ብሏል።»

«ከጠረጴዛ ሥር በደረቱ የተኛ ሰው ቀና ቢል የሚመታው አናቱን ነው ወይስ ጆሮ ግንዱን? እስቲ ተኛና አሳየኝ።»

ምክትሏ አዲሱን ሱሪውን ቁልቁል አየና ባለበት ቆመ።

ሬሳው ከተነሳ በኋላ ጓንቷን አጥልቃ ከጠረጴዛው ፊት ቆመች። ሰውየው በመጨረሻ ሰዓቱ ምን ሲሠራ እንደ ነበር ማየት ፈልጋለች። ኮምፒውተሩ ይሠራል፤ ማራገቢያው ያንሾካሽካል። ማውሱን ነቀነቀች፤ ምንም። ኪቦርዱን ነካካች፤ ምንም። ስክሪኑን አጥፍታ አበራችው። ይኸው ነቃ ስትል «ሲግናል የለም» ብሎ ጻፈና ፊቷ ላይ መልሶ ተኛባት። ገመዱን ነቅላ መልሳ ሰካች። ያው ነው። ቢጫዋ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች።

«ምነው አንተ! ሰው ሞቶ ትተኛለህ?» ብላ ጮኸችበት። ምክትሏ ፈገግታውን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ጠጋኙ በፖሊስ መኪናው የኋላ ወንበር ላይ ኩርምት ብሎ ተቀምጧል። የሁለት ልጆች አባት ነው። ሚስቱ ከመኪናው አጠገብ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቆማ፣ ነጠላ ጫማዋን እንኳ በትክክል አልተጫማችም፤ እንደ ሰማች ነው የወጣችው።

«እህቴ፣ ስክሪኑ ትናንት ድኗል» አለ ጠጋኙ። «ከኋላው የላላ ገመድ ነበር፤ አጠበቅኩት። ደጋግሜ አስተኛሁት፣ ደጋግሜ ቀሰቀስኩት። ጋሼ ራሱ ሞክሮ መርቆኝ ነው የወጣሁት።»

«አሁን አይነቃም።»

የጠጋኙ ፊት አመድ መሰለ። «አይነቃም?» አለ ቀስ ብሎ። «እንግዲያው ማከፋፈያውንም አበላሽቼዋለሁ ማለት ነው። ገመዱን አላጠበቅኩት ይሆን? እህቴ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት?»

ሰውየው እስር ቤቱን አይደለም የፈራው፤ የገዛ እጁን ነው። ሚስቱ የመኪናውን መስኮት ይዛ፣ «ኧረ ተው፣ አንተ እንዲህ አትበል!» ትለዋለች፤ እሱ ግን እጆቹን ገልብጦ እያያቸው ነበር።

ወደ ላይ ስትመለስ የሟችን ሠራተኛ፣ ንድፍ አውጪዋን፣ በሰፊው ክፍል አገኘቻት። ቢሮው ሁለት ክፍል ብቻ ነው። ውስጠኛው የሟች ነው፤ በሰፊው ውስጥ የንድፍ አውጪዋና የሟች ታናሽ ወንድም ጠረጴዛዎች አሉ፤ በመካከላቸው ትልልቅ ንድፍ የሚያትመው ማሽን ተገትሯል። ሁለቱም ሠራተኞች ቁልፍ አላቸው። ዘበኛ የለም።

«ትናንት ከሟች ጋር ተጣልተሻል ይባላል» አለች መርማሪዋ።

«ተጣልቻለሁ! ምን እደብቃለሁ?» ንድፍ አውጪዋ ዐይኗ በልቅሶ አብጦም ቢሆን ምላሷ አልደከመም። «ለፍቼ ያወጣሁትን ንድፍ በሰው ፊት ሰረዘብኝ። ጮህኩበት። ጋሼ ግን ሲጮሁበት ይስቃል፤ ይህ ነበር የሚያናድደኝ። ጠጋኙ ሲወጣ እኔም ተከትዬው ወጣሁ። ጋሼ፣ ‹ተመልከቺ፣ ነቃልኝ እኮ!› እያለ እንደ ልጅ ስክሪኑን ሲያስተኛና ሲቀሰቅስ ነው ትቼው የሄድኩት።»

«እርግጠኛ ነሽ? ነቅቶ ነበር?»

«በዐይኔ ነው ያየሁት! ደግሞ ስለ ስክሪን ባትጠይቂኝ ይሻላል፤ እዚህ ቤት ስክሪን ነፍሳችንን አውጥቶታል። ሦስቱም በአንድ ቀን የተገዙ፣ አንዱ ካንዱ የማይለይ፣ አመላቸው ግን ለየቅል። የጋሼ መነጽር ባለ ሁለት ዕይታ ነው፣ ቅርቡን የሚያየው በታችኛው በኩል ነው። ስለዚህ ስክሪኑን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጎ ከጠረጴዛው ያስጠጋዋል። ‹ጋሼ ጠረጴዛውን ነው የሚያነበው› እያልን እንስቅበት ነበር።» እዚህ ላይ አፍንጫዋን ጠርጋ ቀጠለች። «የወንድሙ ደግሞ ከላፕቶፑም፣ ከማተሚያው ኮምፒውተርም ጋር የተያያዘ ነው። ላፕቶፑ ትንሽ ሸለብ ሲያደርገው ስክሪኑ ዘሎ ወደ ማተሚያው ይሄድበታል። ሲራገም ይውል ነበር! በኋላ ወንድሙ፣ ስክሪኑ በራሱ መስመር የሚፈልግበትን ማስተካከያ አጠፋና ከላፕቶፑ መሰኪያ በቀር ሌላ እንዳይሰማ አደረገው። እኛም ከእርግማኑ ተገላገልን።»

ታናሽ ወንድምየው ደረጃው ላይ ተቀምጦ ያለቅስ ነበር። እሱም መሐንዲስ ነው። ልቅሶው የውሸት አልነበረም፤ መርማሪዋ የውሸት ልቅሶ ስንት ጊዜ አይታለች፣ ትለየዋለች።

«አሳድጎኛል» አለ። «አባቴም ወንድሜም እሱ ነው። ያንን ጠጋኝ እግዜር ይይለት።»

«እርስዎ ማታ ሲወጡ ወንድምዎ ምን ላይ ነበሩ?»

«ከዚያ ስክሪን ጋር ነዋ! አልነቃ ብሎት ሲነታረክ ነው የተውኩት። ‹ለነገ ይቆይ ጋሼ› ብዬው ሄድኩ።»

እንግዲህ አንዷ «ነቅቶ ነበር» ትላለች፤ አንዱ «አልነቃም» ይላል። ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል ማለት ነው። ማንኛው? ይህን ስታሰላስል ስልኳ ጮኸ።

«ዘጋሽው?» አለ አለቃዋ።

«አልዘጋሁም።»

«ጠጋኙን ወደ ጣቢያ ውሰዱት ብያለሁ። ክስ ይጻፍበት። እኔ ራሴ መጥቼ እፈርማለሁ። በአንድ ስክሪን ቀኑን ሙሉ ልትጃጃዪ ነው?»

ስልኩን ስትዘጋ በመስኮቱ በኩል የፖሊስ መኪናው ሲንቀሳቀስ አየች። የጠጋኙ ሚስት ከኋላው ጥቂት ሮጣ፣ ታክሲ አስቁማ ተከተለችው። መርማሪዋ ደሟ ፈላ። ወደ ሟች ክፍል ተመልሳ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለችና በንዴት ከስክሪኑ ሥር ያሉትን ቁልፎች እንዳገኘች ትጫን ጀመር። ስክሪኑ ጥቂት ብልጭ ብሎ የራሱን ማስተካከያ ዝርዝር አወጣ። አንዱን ተጫነች፣ ሌላው ተከፈተ። ልትተወው ስትል እጇ ባለበት ቆመ። የተጻፈውን አንብባ፣ እንደገና አነበበችው። ከዚያ ቀና ብላ አየች፤ አንገቷን ማጎንበስ አላስፈለጋትም፣ ስክሪኑ ልክ በዐይኗ ፊት ነው ያለው።

«ሁሉንም ጥራልኝ» አለች ምክትሏን። ድምጿ ዝቅ ብሎ ነበር። እሱም ወዲያው ሄደ፤ እሷ ስትጮህ ሳይሆን ዝቅ ስትል ነው የሚፈራው።

አለቃው ፋይሉን በብብቱ ሸጉጦ ደረሰ። ንድፍ አውጪዋ ከበሩ ሥር ቆመች። ታናሽ ወንድምየው ወንበር ተሰጠው።

«ይህ ስክሪን አልተበላሸም» ብላ ጀመረች። «ጠጋኙ ትናንት ያዳነው ስክሪንም ይህ አይደለም።»

«ምን ማለት ነው?» አለ አለቃው።

«ጋሼ ስክሪኑን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጎ ነበር የሚሠራው፤ በመነጽሩ ምክንያት። ይህ ግን ከፍ ብሎ ቆሟል። የጋሼ አይደለም።»

«ከፍ አድርጎት ይሆናላ!» አለ ወንድምየው።

«ይሆናል። ለዚህ ነው ወደ ሁለተኛው የምሄደው። ስክሪኑ ገመድ የሚሰካባቸው ሁለት መሰኪያዎች አሉት። የጋሼ ኮምፒውተር የተሰካው አንደኛው ላይ ነው። ስክሪኑ ግን ሁለተኛውን ብቻ እንዲያዳምጥ ታዝዟል፤ ሌላ መስመር መፈለጉም ጠፍቷል። ይህ ትእዛዝ ኮምፒውተሩ ውስጥ አይቀመጥም፤ ስክሪኑ ራሱ ይዞት ይዞራል። ባዶውን መሰኪያ ያዳምጣል፣ ምንም አይሰማም፣ ይተኛል። እዚህ ቢሮ መስመር መፈለጉ የጠፋበት ስክሪን አንድ ብቻ ነው።»

ንድፍ አውጪዋ አፏን በእጇ ያዘች። «የእሱ» አለች፤ ወንድምየውን አላየችውም።

«ስክሪን ተቀያየረ ማለት ሰው ተገደለ ማለት ነው እንዴ?» አለ ወንድምየው።

«አይደለም። ለምን እንደ ተቀየረ ግን እንየው። የእርስዎን ስክሪን ዛሬ አብርተውታል?»

«ማን የመሥራት አንጀት አለው?»

ምክትሏ ከወንድምየው ጠረጴዛ ላይ ያለውን ስክሪን አንስቶ አመጣ። ጠፍቶ እያለ ደህና ይመስላል። እሷ እስከ መጨረሻው ዝቅ ያለውን እግሩን አሳየቻቸውና የጋሼን ኮምፒውተር ገመድ ሰካችበት። ስክሪኑ ያለ አንዳች ማንገራገር ወዲያው ነቃ። ግማሹ ላይ ቀለም የተደፋበት ይመስል ጥቁር ነገር ተንጣልሎበታል፤ ከግራ ጠርዙ ተነስተው ስንጥቆች በየአቅጣጫው ሄደዋል።

«ጆሮ ግንዱ ያረፈው እዚህ ጠርዝ ላይ ነው» አለች። «የተሰበረ ስክሪን ጠረጴዛው ላይ ቢገኝ ግብግብ እንደ ነበር ይታወቃል። ስለዚህ የራስዎን አምጥተው በቦታው ተኩት። ወንድምዎን ከጠረጴዛው ሥር አስገቡት፣ ገመድም አስያዙት። አንድ ነገር ረሱ፤ በገዛ እጅዎ ያጠፉትን።»

ወንድምየው ለመካድ አፉን ከፈተ። የወጣው ግን እውነቱ ነበር፤ ማቆምም አቃተው።

«የያዝነውን የትምህርት ቤት ሕንፃ መወጣጫ ደረጃ ንድፍ ያወጣሁት እኔ ነኝ። የሚሸከመውን ክብደት በስህተት ነው ያሰላሁት። ግንባታው ሊጀመር ነው፤ ጋሼ ደረሰበት። ማታ ጠራኝና ‹ና፣ ይህን እይ› አለኝ። ሊያጋልጠኝ ነው አልኩ። ሙያዬ አለቀ፣ ስሜ አለቀ። ‹እይ እንጂ› እያለ ክንዴን ያዘኝ። ገፋሁት። መግፋት ብቻ ነው! ስክሪኑ ላይ ወደቀ፤ አልተነሳም።» ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «የጻፈብኝን ላጠፋ ፈለግሁ። የኔን ስክሪን ስሰካው አልነቃ አለ። የድሮው በሽታው ተነሳበት አልኩ። ደግሞም ለሰበብ ተመቸኝ።»

«የጻፈብህን አላየኸውም?» መርማሪዋ አክብሮቱን ትታዋለች።

«አላየሁም።»

ገመዱን መልሳ ደህናው ስክሪን ላይ ሰካች፤ ከሥሩ ያለውን ቁልፍ ተጫነችና ትክክለኛውን መሰኪያ መረጠችለት። ብርሃኑ ክፍሉን ሞላ። የደረጃው ንድፍ ነበር። ተሸካሚዎቹ ወፍረዋል፣ ብረቱ ተጨምሯል፣ ስህተቱ አንድ በአንድ ታርሟል። ንድፍ አውጪዋ ቀርባ ጥጉን አነበበች።

«ጨርሶልሃል» አለች። «ሁሉንም አርሞ ጨርሶልሃል። ‹ንድፉን ያወጣው› በሚለው ላይ ያንተን ስም ነው የተወው።» ከዚያ መቆጣቱም ማልቀሱም እኩል ያዛት። «እሱን ነበር እኮ እይ ያለህ!»

ወንድምየው አየ። ከወንበሩ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠና «ጋሼ፣ ጋሼ» እያለ ይጣራ ጀመር። ምክትሏ እጁን ሊይዘው ጎንበስ ሲል እንኳ አልሰማውም።

አለቃው ፋይሉን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወረ። «እንግዲህ… ጠጋኙን ነገ ጠዋት እንለቀዋለን» አለ።

«አሁን!» ብላ ጮኸችበት፤ አለቃ መሆኑን እንኳ ረሳችው። ወደ ጣቢያው ደወለች። ጠጋኙን በስልክ አቅርቡልኝ አለች። ብዙ አስጠበቋት። በመጨረሻ የጠጋኙ ድምፅ መጣ።

«እህቴ፣ ማከፋፈያው ነው አይደል? እኔ ነኝ አይደል?»

«ስማኝ። ማከፋፈያህ ደህና ነው። ገመድህም ጠብቋል። ያዳንከው ስክሪን ድኗል፤ ሌላ ሰው ነው የቀየረው። የገደለው ሌላ ሰው ነው፤ አምኗል።»

ከወዲያ በኩል ስልኩ የወደቀ መሰላት። ከዚያ ከሩቅ፣ ጠጋኙ በኮሪደሩ እየሮጠ ሚስቱን ሲጣራ ሰማች፦ «አንቺ! የት ነሽ? እኔ አይደለሁም! ሰምተሻል? እኔ አልገደልኩትም!»