ያልተነበቡት አራት ገጾች

ወንፊት የሞተው ቀይ እስክሪብቶው ከጣቱ ሳይወድቅ ነው። በሙከራ ክፍሉ ጥግ ባለችው ተደጋፊ ወንበር ላይ ተንጋሏል፤ የመተንፈሻ ማሽኑ ጭንብል አፉንና አፍንጫውን ሸፍኖታል፤ ጭኑ ላይ ዘጠኝ ገጽ ወረቀት ተዘርግቷል፤ አጠገቡ ኮምፒውተሩ ክፍት ነው። ከምሳ በኋላ ሊያሸልብ እንደ ልማዱ ተጋደመ፣ በዚያው ቀረ።

መርማሪዋ ጉልበቷን እያሸች ገባች። ሃምሳ ዓመት አልፏታል። ስለ ኮምፒውተር የምታውቀው መታወቂያ ልታሳድስ በሄደች ቁጥር «ሲስተም የለም» መባሉን ብቻ ነው።

ድርጅቱ ሳንባቸው ለደከመ ሰዎች የመተንፈሻ ማሽን ይሠራል። ወንፊት ሌሎች የጻፉትን ኮድ እያነበበ የሚያሳልፍ ወይም የሚመልስ አንጋፋ ገምጋሚ ነበር፤ እንክርዳድ አያሳልፍም ብለው ነው ስሙን ያወጡለት። የራሱም ሳንባ ደካማ ስለነበር ያለ ማሽን አይተኛም።

መርማሪዋ ዙሪያውን አየች። መደርደሪያው ላይ አሥራ አንድ ነጫጭ ማሽኖች ተሰልፈዋል፤ የሁሉም ሰዓት ዘጠኝ ከአሥራ አንድ ላይ ቆሟል። በመሃላቸው አቧራ ያልነካው አራት ማዕዘን ባዶ ቦታ አለ። የሟቹን ማሽን ገልብጣ አየችው። የእሱም ሰዓት ዘጠኝ ከአሥራ አንድ ይላል። ሆዱ ላይ ክብ ሰማያዊ ምልክት ተለጥፏል።

በማግስቱ መጀመሪያ ያነጋገረችው ኮዱን የጻፈችውን ወጣት ፕሮግራመር ነው። ልጅቷ ዐይኗ አብጦ ነበር።

«ልጄ፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው አስረጂኝ።»

«ማሽኑ ውስጥ ያለው ፕሮሰሰር ሁልጊዜ አይሮጥም። ሥራ ሲቀንስ ቀስ ይላል፣ ባትሪ ይቆጥባል። ሥራ ሲበዛ ይፈጥናል። ይህን የሚያዘውን ኮድ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሊፈጥን ሲል መጀመሪያ ኤሌክትሪኩ ይጨመርለታል፣ ከዚያ ፍጥነቱ። እኔ ገጽ ሦስት ላይ ተራውን ገለበጥኩት። ሳያጎርሱ ሩጥ እንደማለት ነው። ማሽኑ ደርቆ ቀረ።»

«ደወል የለውም?»

«ደወሉም በዚያው ፕሮሰሰር ነው የሚሠራው።»

«ስህተቱን መቼ አወቅሽ?»

«ማሽኖቹ ከቆሙ በኋላ። ጋሼን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

«ቆይ፣ አትቸኩዪ። ኮዱን ማን አሳለፈው?»

«ራሱ ጋሼ። የጻፈ ሰው የራሱን አያሳልፍም፣ ደንብ ነው። አሥራ አንድ ጊዜ መልሶብኛል። ትናንት ግን ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በስሙ 'ጥሩ ሥራ ነው፣ ይለፍ' የሚል መጣልኝ። በሦስት ዓመት ጥሩ ብሎኝ አያውቅም እኮ! በጣም ሲደሰት እንኳ 'ምንም አይልም' ነው የሚለው። ደስ ብሎኝ ለእናቴ ደወልኩ። ያን ሰዓት እሱ…»

መርማሪዋ ውሃ ቀዳችላት።

«ሲያነብ እንዴት ነው የሚያነበው?»

«አትሞ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ ከመጨረሻው ገጽ ወደ መጀመሪያው። 'ከፊት ካነበብኩ ጸሐፊው ይዞኝ ይሄዳል' ይላል። ብቻውን ስለሚያነብ ይህን የምናውቀው እሱ ያስተማረን ብቻ ነን።»

ሥራ አስኪያጁ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከአራት ደንበኞች ጋር ስብሰባ ላይ ነበር፤ አራቱም መሰከሩለት። «ልጅቷን ከሥራ አግጃታለሁ» አለ። «ከዚህ ወዲያ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው።»

«ለነገሩ ማን ነበር ሲያጣድፋችሁ የነበረው?»

«ኮዱ በዕለቱ ካላለፈ እንደማሰናብታት ነግሬያት ነበር» አለና ከረባቱን ነካካ። «ሥራ ነው እንግዲህ።»

ሦስተኛው የሙከራ ክፍሉ ቴክኒሻን ነው፤ የሟቹ ሚስት ወንድም። ከእህቱ ቤት ሳይተኛ መምጣቱ ያስታውቃል።

«ይህ ሰማያዊ ምልክት ምንድን ነው?»

«የሙከራ ማሽን ነው ማለት ነው። ኮድ ባለፈ በአሥር ደቂቃው በራሱ ይጫንበታል። የቤት ማሽን ግን ሰው እየተነፈሰበት ከሆነ ምንም አይቀበልም።»

«የሙከራውስ?»

«የሙከራው ሰው ይኑርበት አይኑርበት አይጠይቅም» አለና አንገቱን ደፋ።

«ጋሼህን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አየኸው?»

«ለዘጠኝ አሥር ጉዳይ ላይ። ነቅቶ ያነብ ነበር። የመጨረሻዋ ገጽ ብቻ ነበር የቀረችው። ወዲያው ጨርሶ አሳልፎት ይሆናል።»

መርማሪዋ አመሰገነችውና ወጣች። እስከ መኪናዋ ድረስ ጉልበቷ ትዝ አላላትም።

በሦስተኛው ቀን ሁሉንም ሙከራ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የሟቹ ባለቤትም ጥቁር ለብሳ ከወንድሟ አጠገብ ተቀመጠች።

«እዚህ ቤት የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲደረግ ሁለት ቀን ሆነው» አለች መርማሪዋ። «እነሆ ወረቀቱ። ቀይ ቀለም ያለው ከገጽ ዘጠኝ እስከ ገጽ አምስት ነው። ከአራት እስከ አንድ ጠብታ የለበትም። ሰውዬው የሚያነበው ከመጨረሻ ነዋ! አምስተኛውን ጨርሶ እንቅልፍ ጣለው። ስህተቱ ደግሞ ገጽ ሦስት ላይ ነው። እዚያ አልደረሰም። አራት ገጽ የቀረው ወንፊት ይለፍ አይልም።»

«በስሙ ነው እኮ ያለፈው!» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«በስሙ፣ በእጁ ግን አይደለም። እሱ ተኝቶ ኮምፒውተሩ ክፍት ነበር። 'ጥሩ ሥራ ነው' የሚለውም ቃል የእሱ አይደለም፣ ያስተማራትን ጠይቁ። እንግዲህ አንድ ሰው 'ነቅቶ ሲያነብ አየሁት፣ የመጨረሻዋ ገጽ ብቻ ቀርታዋለች' ብሎኛል። ይህ ሰው ሲያነብ አላየውም። ለወንፊት የመጨረሻዋ ገጽ የመጀመሪያዋ ናት።»

ሁሉም ወደ ቴክኒሻኑ ዞሩ።

«ሊገድል አስቦ ነው?» አለች ባለቤቲቱ በቀሰስተኛ ድምፅ።

«አይደለም። ሊገድል ያሰበ ስህተቱን ማወቅ ነበረበት፤ ያን ሰዓት ደግሞ የጻፈችውም አታውቀውም ነበር። መደርደሪያው ላይ አንድ ባዶ ቦታ አለ። አሥራ ሁለተኛው ማሽን የሟቹ አፍ ላይ ነበር። ማን ሰጠው?»

«እኔ» አለ ቴክኒሻኑ። «የራሱ ከሳምንት በፊት ተበላሸ። ጋሼ ያለ ማሽን እንዳያድር ከመደርደሪያው አንስቼ ሰጠሁት። ሰማያዊው ምልክት ጨርሶ ከአእምሮዬ ጠፋ። ትናንት… ከትናንት ወዲያ ስገባ ተኝቷል። ልጅቷ ልትባረር ነው። አሥራ ሁለተኛ ጊዜ ቢመልስባት አለቀላት። አዘንኩላትና ይለፍ የሚለውን ተጫንኩት። አንዲት ቁልፍ ናት እኮ!»

«ከዚያስ? ገደልኩት እያለች ስታለቅስ አጠገቧ አልነበርክም?»

«ነበርኩ። ፈራሁ። ዝም አይነቅዝም ብዬ…»

እህቱ ተነሳች። ይመታል ተብሎ የተጠበቀው እጇ ነጠላዋን ብቻ ሰበሰበ።

«ነቅዟል» አለችው። «ሁለት ቀን ሙሉ ስታስተዛዝነኝ ነቅዟል።»

ሄዳ ከፕሮግራመሯ ጎን ተቀመጠች። ሥራ አስኪያጁ ከረባቱን ይዞ ቀረ። ፖሊሶች ቴክኒሻኑን ይዘው ሲወጡ እህቱ ዞራ አላየችውም።

«ስህተቱ ግን የእኔ ነው» አለች ልጅቷ።

«ያንቺ ነው፣ አልዋሽሽም» አለች መርማሪዋ። «ሰው ይሳሳታል ተብሎ ነው ወንፊት የተቀመጠው። ወረቀቱ ለፍርድ ቤት ይፈለጋል። ገጽ አምስትን ግን አንብቢና መልሺልኝ።»

ልጅቷ ወረቀቱን ተቀበለች። ከግርጌው በቀይ፣ እንቅልፍ በተጫነው እጅ እንዲህ ተጽፏል፦ «ምንም አይልም። ግን ኤሌክትሪኩ የት ጋ ነው የሚቀድመው? ወደ ፊተኞቹ ገጾች ስደርስ አየዋለሁ።»