የደረጃው ሆድ

«ምንጣፉን ብቻሽን ተሸክመሽ መጣሽ? ሰው እንኳ አያግዝሽም?» አለ በሩን የከፈተው ሰውዬ።

ሴትየዋ በብብቷ ሥር የያዘችውን ጥቅል አየችው። ምንጣፍ አልነበረም፤ አስከሬን የሚሸፈንበት ላስቲክ ነበር። ሰው ሲሳሳት ቶሎ ማረም ግን ልማዷ አይደለም። ከተናገረው ይልቅ ተሳስቶ የተናገረው ነው የሚጠቅማት።

«ከባድ አይደለም» አለች።

«በይ ግቢ፤ ፖሊሶቹ ሲወጡ ትጀምሪያለሽ። ሰው መምጣቱ ስለማይቀር ቶሎ ይለቅልኝ። ከታች የመጀመሪያዋን የደረጃ መርገጫ አስቀድመሽ ሸፍኛት።»

«አደጋው የደረሰው እሷ ላይ ነው?»

«ወንድሜ የተንሸራተተው ከመሃል ነው። አንቺ የታዘዝሽውን ሥሪ፣ እህቴ።» ይህን ሲል በነጭ መሐረብ የተጠቀለለ ቀኝ እጁን ኪሱ ከተተ።

ይህኔ ከውስጥ አንድ ወፍራም ፖሊስ ብቅ ብሎ ሰላምታ ሰጠ። «ኢንስፔክተር፣ ደህና አደሩ።»

ሰውዬው ክው አለ። «ይቅርታ፣ እኔ እኮ የምንጣፏ ሴትዮ መስለውኝ...»

«ምንም አይደል» አለች መርማሪዋ። «የእኔም ሥራ የሚጀምረው ከወለል ነው።»

ሟቹ ከደረጃው ግርጌ በጎኑ ተኝቷል። ቀጭን ሽማግሌ ነው፤ አንድ እግሩ የቤት ጫማ አድርጓል፣ ሁለተኛው ጫማ አጠገቡ ተገልብጦ ሶሉ በቫርኒሽ ያብለጨልጫል። ከበላዩ ያ የተወራለት ደረጃ ቆሟል። የዛሬ ሽማግሌዎች ወጣት በነበሩበት ዘመን እንዲህ ያለ ደረጃ የሌለው ፎቅ ቤት ቤት አይባልም ነበር፦ እንደ አከርካሪ ሽቅብ የሚሄድ አንድ ወፍራም ብረት፣ በላዩ የተንሳፈፉ የሚመስሉ ጠንካራ ሳንቃዎች፣ ከኋላቸው ምንም፣ በመካከላቸው አየር ብቻ። የጠዋት ፀሐይ በየክፍተቱ እየገባች የሟቹን ፊት በጥላ ሸንትራዋለች። በር ከፍቶ ለሚገባ ሰው ደረጃው ፊቱን አይሰጥም፤ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ሥጋው እንዳለቀ ትልቅ አውሬ የጎን አጥንቱን ያሳያል።

መርማሪዋ ሰውየውን ሸፈነችው። ከዚያ ሶፋው ጫፍ ላይ ወደተቀመጠችው ልጅ ዞረች። ልጅቷ የሟቹ የእህት ልጅ ናት፤ ቤት ማሳመር ሙያዋ ነው። ጥፍሮቿ በቀለም ቡናማ ሆነዋል፣ ዓይኖቿ ቀልተዋል።

«ይቺ ናት የገደለችው» አለ በሩን የከፈተው፣ የሟቹ ታናሽ ወንድም። አርክቴክት ነው፤ ሲናገር የሚያስተምር ይመስለዋል። «'የድሮ ውበት ይመለስ' ብላ ምንጣፉን ገፈፈች። ሰው የሚኖርበት ቤት፣ ሽማግሌ የሚወጣበት ደረጃ ቫርኒሽ ቀብታ ተኛች። በቸልተኝነት ሰው የገደለ አይታሰርም?»

«ይታሰራል» አለች መርማሪዋ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች።

«አንድ መርገጫ እቀባለሁ፣ አንድ እዘላለሁ» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «ደረቁን እየረገጡ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። በማግስቱ የተዘለለውን እቀባለሁ። አጎቴ ራሱ ነው ያሳየኝ።»

«አጎትሽ እንዳልረሳው እርግጠኛ ነሽ?»

መልሱ የመጣው ከሟቹ ባለቤት ነው። ወይዘሮዋ ወንበሯን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ አስከሬኑን ላለማየት ጀርባዋን ሰጥታለች። «እሱ ይረሳል፣ ልጄ? ማታ እንደ ሰኞ ማክሰኞ ተጫዋች እየዘለለ ወጣ። እኔን ደግሞ እጄን ይዞ 'እዚህ፣ እዚህ' እያለ አስወጣኝ። እኔ ነኝ እንጂ የምረሳው።»

«ጠዋትስ?»

«ተነሥቶ ከመኝታ ቤት ሲወጣ ሰምቻለሁ። ቆየት ብሎ ግድም የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጉልበቴ አይረዳኝም፤ ተንፏቅቄ ስወጣ ባሌ ታች ወድቋል፣ ወንድሙ አጠገቡ ቆሟል።»

«ሳሎን ነበር የተኛሁት» አለ ታናሽየው። «ድምፁን ሰምቼ ሮጥኩ። ደረጃውን በእጄም በእግሬም አልነካሁትም።»

«ሁልጊዜ እዚህ ያድራሉ?»

«ኧረ የት አባቱ» አለች ወይዘሮዋ ወደ ግድግዳው እያየች። «ስንት ዘመኑ ደጃችንን ከረገጠ። ስለ ድሮ ቤቶች የሚያትም መጽሔት ደረጃውን ፎቶ ሊያነሣው ነው ሲባል ሰምቶ ትናንት መጣ። ምንጣፉ መነሣቱን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ወዲያው ስልክ አንሥቶ ሌላ ምንጣፍ አዘዘ። ባሌ ሳቀበት።»

«እንዳይወድቅ ብዬ ነዋ» አለ ታናሽየው። «ይኸው የፈራሁት ደረሰ። ይህን ደረጃ የነደፍኩት እኔ ነኝ፤ ስሜ የተጠራው በእሱ ነው። አደገኛነቱን ከኔ በላይ ማን ያውቃል?»

«ነፍስ ይማር» አለችና መርማሪዋ እጇን ዘረጋችለት። እሱ ግራውን ሰጣት። «ቀኝዎ ምን ሆነ?»

«ብርጭቆ ቆረጠኝ፤ ብዙ ደማ።»

መሐረቡ እንደ ወረቀት ነጭ ነበር። 

ወደ ደረጃው ተመለሰች። የመጀመሪያዋ መርገጫ ላይ ተንበርክካ የሆነ ነገር በጣቷ ዳበሰች። ከደረጃው ሥር የቀለም ቆርቆሮዎች ነበሩ፤ የቲነሩ ክዳን ተከፍቶ መሬት ላይ ወድቋል። «እኔ ማታ ገጥሜዋለሁ» አለች ልጅቷ ሳትጠየቅ። ከዚያ መርማሪዋ ዞራ ከደረጃው ጀርባ ሄደችና ወለሉ ላይ በጀርባዋ ተንጋለለች።

ወፍራሙ ፖሊስ ልጅቷን ቀስ ብሎ፣ «ሌሊት ተረኛ ስለነበሩ ነው» አላት፤ የአለቃው ክብር እንዳይጎድል።

መርማሪዋ ረጅም ጊዜ ሽቅብ አየች። ስትነሣ ሌባ ጣቷንና አውራ ጣቷን እያጣበቀች ታላቅቅ ነበር።

«ሁላችሁም ወዲህ ቅረቡ» አለች። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እርስዎም።»

ከደረጃው ጀርባ ቆሙ፤ የመርገጫዎቹ ጥላ ፊታቸው ላይ እንደ ፍርግርግ ወደቀ።

«መሃል ላይ ያለችውን እዩ» አለች። «የጫማ ምልክት አላት። ሰው ሲወርድ ቢያዳልጠው እግሩ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ምልክቱም በፊተኛው ጠርዝ በኩል ያመልጣል። ይህ ግን ከኋላ ጠርዝ ጀምሮ መሃል ላይ ቆሟል። ፊት ለፊቱን አስከሬኑ ዘግቶታል። ስለዚህ አንድ ሰው እዚህ አሁን እኛ የቆምንበት ቆሞ፣ የሟቹን ጫማ በእጁ ይዞ በክፍተቱ አስገባና ቫርኒሹን ፈተገበት።»

ወይዘሮዋ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። ልጅቷ ከጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች።

«መላ ምት ነው» አለ ታናሽየው።

«ነው። ግን መርገጫዋ ከፍ ትላለች። ያ ሰው መንጠራራት ነበረበት። የሚንጠራራ ሰው ደግሞ የሆነ ነገር ይጨብጣል። ላዩን ቢጨብጥ ርጥብ መሆኑን ያውቃል፤ ጮሌ ነው። ሥሩን ጨበጠ።» ቀና ብላ አመለከተች። ከመርገጫዋ ሥር፣ በሚያብለጨልጨው እንጨት ላይ አራት ጣቶች ቁልጭ ብለው ታትመዋል። «አንቺ ልጅ፣ ሥሩንም ትቀቢያለሽ?»

«አዎ፤ ላዩን የቀባሁትን ሁሉ ሥሩንም።»

«ማን አዘዘሽ?»

«አጎቴ። 'ይህ ደረጃ ሆድ አለው፤ እንግዳ በር ከፍቶ መጀመሪያ የሚያየው ሆዱን ነው። ስነድፈውም ያሰብኩት ለሆዱ ነው' አለኝ።»

«ስነድፈው?» አለች መርማሪዋ።

 መልሱን የሰጠችው ወይዘሮዋ ናት። «ሆዴ ይፍጀው ብዬ ስንት ዓመት ዝም አልኩ። ንድፉ የባሌ ነው። ቢሮውን ለወንድሙ ትቶ ማስተማር ሲገባ፣ ደረጃውም ስሙም አብሮ ቀረ። 'ይብላኝ ለሱ' ይል ነበር። አሁን ግን መጽሔቶቹ ሲመጡ ልንገራቸው አለ።»

«የመጀመሪያዋ መርገጫ ላይ የሟቹ ስም ተቀርጿል፤ ከአጠገቡ 'ነዳፊ' ይላል» አለች መርማሪዋ። «ስንት ዓመት ምንጣፍ ተኝቶባት ነበር። ዛሬ ጠዋት ወንድምዎ ሳይቀበር እንድሸፍናት ያዘዙኝ እሷን ነው። የተንሸራተተበትን አይደለም።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «መሐረቡን ይፍቱት» አለች።

አልፈታውም። ወፍራሙ ፖሊስ ነው የፈታው። መዳፉ ላይ የብርጭቆ ጭረት እንኳ የለም፤ በቲነር ተፈትጎ ቀልቷል። የጣቶቹ ጥፍር ሥር ግን ቡናማው ቫርኒሽ እንደ ማር ደርቋል።

ታናሽየው ዞሮ ሄዶ የመጀመሪያዋ መርገጫ ላይ፣ ልክ የወንድሙ ስም ላይ ተቀመጠ። የት እንደተቀመጠ ልብ አላለም።

«ልገድለው አልነበረም» አለ። «ደረቁን እየረገጥኩ ወደ እሱ ወጣሁ፤ ላይ ቆሞ ሳቀብኝ። 'በቃ፣ ክብሬን ዕድሜህን ሙሉ ለበስከው፤ አሁን መልስልኝ' አለኝ። ገፋሁት። አንዴ ብቻ።»

«እና ይቺን ልጅ ልታሳስርብን?» አለች ወይዘሮዋ። «ዳዋ የሚመታው አይጥ በበላ ነው አሉ።» የልጅቷን ቀለማም እጅ ፈልጋ ያዘች።

ታናሽየው አልሰማትም። ሽቅብ፣ በሳንቃዎቹ መካከል፣ የጣቶቹን ምልክት እያየ ነበር። ፊቱ ላይ ከጸጸት ይልቅ ግራ መጋባት ይታይ ነበር።

«ሁሉንም አስቤ ነበር» አለ። «ላዩን አልነካሁም። የደረጃ ሥር ይቀባል ብሎ ማን ያስባል?»

መርማሪዋ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

«የነደፈው ሰው» አለች።