የኑሚዝያ አፍንጫ

ሮማ በተቆረቆረች በአንድ ሺህ ሃያ አራተኛው ዓመት፣ ከሰሜን የዘለቀ ጠላት የኢጣሊያን እርሻ አቃጥሎ ከተመለሰ በኋላ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከተማይቱ በግንብ እንድትታጠር አዘዙ፤ ስለዚህም ግንበኛው፣ አናጢውና ድንጋይ ጠራቢው ሁሉ ሥራውን ጥሎ በማግስቱ ወደ ግንቡ እንዲወጣ አዋጅ ተነገረ። በቲቤር ወንዝ ዳር፣ የእብነ በረድ መርከቦች በሚያራግፉበት ሰፈር፣ ፊሌሮስ የሚባል ጠራቢ አዋጁን ሰምቶ ምራቁን እንትፍ አለ። አርባ ዓመት ሙሉ በእብነ በረድ የሬሳ ሣጥን ላይ የሰው ፊት ሲቀርጽ የኖረ፣ መሮው አንድም ቀን አምልጦት የማያውቅ ሰው ነበር፤ ይህንንም ማንም ሳይጠይቀው ይናገራል፤ ቢናገርስ፣ እውነት አይደለም እንዴ!

በዚያው ዕለት ረፋዱ ላይ በጦርነቱ የወደቀው የፈረሰኛ አለቃ የቬቲዩስ መበለት ኑሚዝያ፣ ከባሏ ታናሽ ወንድም ከሴራኑስ ጋር መጣች። ሣጥኑ አስቀድሞ ተመርጧል። በፊት ገጹ ላይ አዳኝ ፈረስ ላይ ሆኖ አንበሳ ይወጋል፤ የአዳኙ ፊት እንደ ልማዱ ሣጥኑን ለሚገዛው ሰው መልክ ተብሎ ሳይጠረብ ድብልብል ሆኖ ተትቷል። በአጠገቡ የራስ ቁር የደፋች፣ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ የሰበሰበች ሴት ቆማለች፤ «ወንድነት» ተብላ የምትመለክ አምላክ ናት፤ ስሟ ከወንድ የወጣ፣ ገላዋ የሴት።

«የባሌን ፊት በአዳኙ ላይ አድርግልኝ፤ የእኔን ደግሞ በእሷ ላይ» አለች ኑሚዝያ።

ሴራኑስ ከት ብሎ ሳቀ። «ኧረ በአማልክት! አንቺ ሴት፣ ጉልበትሽን ገልጠሽ ልትቀበሪ ነው? ለጨዋ ሴት የሚጻፈው የታወቀ ነው፤ ‹ቤቷን ጠበቀች፣ ሱፍ ፈተለች›፤ አለቀ። ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል!»

«ቤቴንማ ጠብቄያለሁ! ሦስት ቀን ሙሉ፣ በጦር!» አለች። ከዚያም ወደ ፊሌሮስ ዞረች። «ባሌ ከሠራዊቱ ጋር ሳለ ጠላት እርሻችንን ከበበው። ባሮቹን አስታጥቄ በሩ ላይ ቆምኩ። በሦስተኛው ቀን ከጠላት አንዱ በጋሻው አፍንጫዬን ሰበረኝ፤ እሱም እዚያው ቀረ።»

ፊሌሮስ ቀና ብሎ አያት፤ አፍንጫዋ እውነትም ተጨፍልቋል። ሴትዮዋን በልቡ ወደዳት፤ ሥራው ግን አስፈራው። «እመቤቴ፣ እኔ የምፈራው ጉልበትዎን አይደለም። የአዳኙ ፊት ትርፍ ድንጋይ አለው፤ የእሷ ግን ተጨርሷል። ከድንጋይ ይቀነሳል እንጂ አይጨመርበትም። መሮዬ ትንሽ ከሳተ የአርባ ዓመት ስሜ ገደል ገባ ማለት ነው።»

«ታዲያ ቀንስ!» አለችና ጣቷን በአምላኳ ቀጥ ያለ አፍንጫ ላይ አሳረፈች። «ይህን አንሣው። የእኔን እየው፤ ምን ተረፈኝ? ጉንጬም ቢሆን ከከበባው ወዲህ አልሞላም።»

ፊሌሮስ ሳቁ አመለጠው። «እውነትዎን ነው እመቤቴ፤ ጠላት ግማሹን ሥራ ጨርሶልኛል!»

«ባሏ ከሞተ ወዲህ በሕግ ሞግዚቷ እኔ ነኝ፤ እኔ ሳልፈቅድ አንዲት ፍንጣሪ እንዳታነሣ!» ብሎ ሴራኑስ ጮኸ።

ኑሚዝያ ተጠጋችውና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሴራኑስ ወንድሜ፣ በእነዚያ ሦስት ቀናት ከዘይት ጋኖቹ መካከል ተጋድሞ የነበረው ማን እንደሆነ ለዚህ ሰውዬ ላጫውተው?»

ሴራኑስ ፊቱ ደም መሰለ። «የፈለገችውን አድርግላት!» ብሎ በሩን በርግዶ ወጣ።

ፊሌሮስ የባልየውን መልክ ኑሚዝያ ካመጣችው የሰም ምስል አይቶ ቶሎ ጨረሰ፤ ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። ኑሚዝያ በአንድ ጥርብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እስኪመሽ አልተነሣችም። ፊሌሮስ የድንጋዩን ጉንጭ በሞረድ እየፋቀ አጎደለ፤ በአፏ ዳርና ዳር መሥመር አወረደ፤ አፍንጫውን ለመጨረሻ አቆየው፤ እዚያ ቦታ ላይ ድንጋዩ ቢሰነጠቅ ሣጥኑ በሙሉ ከንቱ ነውና። ትንፋሹን ውጦ መዶሻውን ሦስት ጊዜ አሳረፈ፤ ድንጋዩም እሺ አለው።

ኑሚዝያ ተነሥታ ቀረበች፤ የተቀረጸውን ፊት በመዳፏ ዳሰሰች። «እኔ ነኝ» አለች፤ ይህን ብላ አለቀሰች። በማግስቱ ፊሌሮስ ግንቡ ላይ ጡብ እያቀበለ ላገኘው ሁሉ «ወንድነትን እኔ ሰው አደረግኋት!» እያለ ሲፎክር ዋለ፤ ኩራቱም የሚገባው ነበር።

ኑሚዝያ በሁለተኛው ክረምት በወረርሽኝ ሞታ ከባሏ ጎን ተኛች። ዘመን ዘመንን ሲተካ ስማቸው የተጻፈበት ክዳን ተሰብሮ ጠፋ፤ ሣጥኑ በአንድ ባለጸጋ አጸድ የፈረስ ማጠጫ ገንዳ ሆነ፤ ኋላም ወደ ቤተ መዘክር ገባ። ግንቡ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ የሚጠራውም በንጉሠ ነገሥቱ ስም ነው። ስለ ሣጥኑ ግን አንድ ሊቅ በመዝገቡ ላይ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «የአምላኳን አፍንጫ ልምድ የሌለው ጠራቢ መሮ አምልጦት አበላሽቶታል።» ታሪክ ከዚያች ሴት የሦስት ቀን ውጊያና ከዚያ ሰው የአርባ ዓመት ጥበብ ያስቀረው ይህችን አንዲት መሥመር ብቻ ነው፤ እርሷም ሐሰት ናት።