የግራዝማች ውበቱ ወሸባ

ዳኛ አካለ ወልድ ደክሞታል። ሠርቶ እንዳይባል፣ ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ገብቶ ማኅተሙን ከነጠቀው ወዲህ ሥራ የሚባል ነገር አልነካም። ተኝተው ቢነሡም የማይለቅ ድካም ነው። ከሮብ ገበያ በላይ፣ የጮቄ ውርጭ በሚወርድበት መንደር፣ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ይውላል። ሰው ሲያልፍ «እንዴት ዋላችሁ» ይላል፤ በቃ፣ የቀኑ ሥራ ይኸው ነው።

በጥቅምት 1931 ዓ.ም. አንድ ሐሙስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ማንጠግቦሽ የምትባል ባልቴት እየሮጠች መጥታ እግሩ ላይ ተደፋች።

«ልጄን ሊሰቅሉት ነው! ፀሐይ ሳትጠልቅ ሊሰቅሉት ነው፣ ጌታዬ ይድረሱልኝ!»

«ተነሽ እስቲ። ማን ነው የሚሰቅለው?»

«አወቀ የሚሉት የጣሊያን አስተርጓሚ። ግራዝማች ውበቱ ወሸባቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ። እሳቱን የሚያነደው የኔ እንዳላማው ነውና፣ ‹አንተ ነህ የገደልካቸው› ብለው ኮሶው ዛፍ ላይ አሰሩት።»

«እኔ እኮ አሁን ዳኛ አይደለሁም፣ ማንጠግቦሽ። ማኅተሜን ወስደውታል።»

«ጭንቅላትዎንስ ወስደውታል?» አለችው።

ዳኛው ጋቢውን አንሥቶ ተከተላት።

ግራዝማች ውበቱ በሰሜኑ ዘመቻ ጉልበቱን የቆሰለ ሰው ነው። ኋላ ለጣሊያን ገብቶ ተሾመ እንጂ ጉልበቱስ ለማንም አልገባ አለ፤ ብርድ በመጣ ቁጥር ያስጮኸዋል። ስለዚህ በጓሮው ወሸባ ሠራ፣ በጋለ ድንጋይ እንፋሎት የሚሞቅበት ትንሽ ጎጆ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሐሙስ ሐሙስ ይገባበታል።

አስተርጓሚው አወቀ የሟቹ ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ግራዝማችን ነገ ወደ ማርቆስ ሊያጅቡ የመጡ ዐሥር ያህል ወታደሮች አጥሩን ይዘዋል።

«ሌላ ገዳይ ካመጣህ ሌላውን እንሰቅላለን» አለ አካለ ወልድን ሲያየው። «ማርቆስ ያሉት ካፒቴን የሾሙት ሰው ሞቶ ባዶ እጄን አልመለስም። ለእኛ አንገት አንገት ነው።»

«ሥራህን እግዜር ይባርክልህ» አለ አካለ ወልድ፤ ወደ ኮሶው ዛፍ አለፈ።

እንዳላማው ሃያ አምስት ዓመቱ ነው፤ ገመዱ የእጁን አንጓ ልጦታል።

«ድንጋዩን ከየት ታመጣለህ?» ብሎ ጀመረ ዳኛው።

«ከተራራው ነው፤ ደረቅ ጥቁር ድንጋይ። የወንዝ ድንጋይ እሳት ሲነካው ይፈነዳል፤ ግራዝማች አንድ በአንድ ሳይመርጡ አያስገቡም።»

«ፍሙንስ?»

«ፍም? ፍም እዚያ ቤት ገብቶ አያውቅም! እሳቱ የሚነደው ከውጭ ነው። ድንጋዩ ሲቀላ በአካፋ አወጣለሁ፣ አመዱን በቅጠል ጠርጌ አስገባለሁ። ፍም በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል። ራሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ።»

«ከዚያስ?»

«ልብሳቸውን ያወልቃሉ፤ ማተባቸውን በሩ አጠገብ ካለው ችንካር ሰቅለው ይገባሉ።»

«ማተባቸውን?»

«የብር መስቀል አለበት። አንድ ቀን ረስተው ቢገቡ ብሩ ግሎ ደረታቸውን ተኮሳቸው። ከዚያ ወዲህ ሳያወልቁ አይገቡም። ዛሬም ሲሰቅሉ ዓይኔ እያየ ነው።»

«አንተ ታዲያ ውጭ ቆመህ አትጠራቸውም?»

«ምንጭ ወርጄ የመታጠቢያ ውሃ እቀዳለሁ፤ ተመልሼ እጠራለሁ። ቶሎ ነው። ዛሬ ግን እነዚህ» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ «በቅሎ ሲያጠጡ ‹ቁም› ብለው ከጧት እስከ ቀትር አቆሙኝ። ስመለስ ጠራሁ፤ ዝም። ከፈትሁ፤ ሞተዋል። ጮኽሁ። እመቤቴና ወንድማቸው አብረው ሮጠው ገቡ።»

አካለ ወልድ ወደ ወሸባው ሄደ። ወይ ውበቱ! አሠራሩንስ አሳምሮታል። በሩ ወደ ውጭ ይከፈታል፤ ራሱን የሚስት ሰው በትከሻው ገፍቶ እንዲወጣ መወርወሪያም መቀርቀሪያም የለውም። ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ መተንፈሻ ቀዳዳ አለው። የታችኛው ከድንጋዩ ክምር በስተኋላ ነው፤ ውስጥ የተቀመጠ ሰው አያየውም። አካለ ወልድ ጉልበቱ እየተንቋቋ ተንበረከከና እጁን ሰደደ። ከድንጋዩ ኋላ አመድ አለ፤ ጥፍር የሚያህል ከሰልም አገኘ። ከውጭ ቢያይ በሁለቱም ቀዳዳ አፍ ላይ ያልደረቀ ጭቃ አለ። አንድ ሰው ጠርቅሞት ኋላ ነቅሎታል።

ሬሳው ሳሎን መደቡ ላይ ነው። ፊቱ ቀልቷል፤ የተኛ እንጂ የሞተ አይመስልም። አካለ ወልድ ከሰል አንድደው፣ በር ዘግተው አድረው ያለቁ ሰዎች አይቶ ያውቃል፤ ያው መልክ ነው። የብር መስቀሉ አንገቱ ላይ አለ። ቀና አድርጎ ከሥሩ ያለውን ገላ አየ፤ ከአሮጌ ጠባሳ በቀር አዲስ መተኮስ የለም።

በራስጌው መምሬ ወልደ ሚካኤል ዳዊት ይደግማሉ። የግራዝማችም የአካለ ወልድም የነፍስ አባት ናቸው። አካለ ወልድ ጎንበስ ሲል በግራ እጃቸው መስቀል አሳለሙት። ቀኙ በጋቢ ተጠቅልሏል።

«እጅዎን ምን ነካዎት?»

«ቁርጥማት ነው፣ ልጄ። የጥቅምት ብርድ።»

ሚስትየው ወይዘሮ የብርጓል ጓዳ ተቀምጣ ነበር። አልቅሳ አልቅሳ ድምፅዋ ተዘግቷል።

«ጠላት ነበረው?»

«ለጣሊያን ያደረ ሰው ወዳጅ አለው እንዴ ዳኛው? ነገ ማርቆስ ሊወርድ ነበር። ‹ለካፒቴኑ የምነግረው ትልቅ ነገር አለኝ፤ ስመለስ ቀኛዝማች ትይኛለሽ› አለኝ። ምን እንደሆነ አልነገረኝም። ብቻ ከብዶት ነው መሰል፣ ትናንት መምሬን አስጠርቶ ንስሐ ገባ። እሳቸውም ሲወጡ ምሳ እንቢ ብለው፣ ደህና ዋይም ሳይሉኝ ሄዱ።»

ወንድሟ ድረስ «ጩኸቱን እስክሰማ አውድማው ላይ ነበርሁ» አለ። አብረውት የሚወቁ አራት ሰዎችም መሰከሩለት።

«መምሬን የጠራ ማን ነው?»

«እኔ ነኛ። እየሮጥሁ ቤታቸው ሄድሁ። ‹ግራዝማች ወሸባ ውስጥ ሞተብን› ስላቸው በጉልበታቸው ወደቁ። አለቀሱ፣ ዳኛው፤ እንደ ሕፃን አለቀሱ። ኋላ እኔኑ አጽናኑኝ። ‹አይዞህ፣ ማተቡ ባንገቱ ነው፤ በክርስትና እንቀብረዋለን› አሉኝ። ጠንካራ ሰው ናቸው።»

አካለ ወልድ ውጭ ወጥቶ አጥሩ ሥር አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ነገሩ ገብቶታል፤ ባይገባው ደስ ባለው። ልጁ በጦርነቱ ሲሞትበት አርባ ቀን ሙሉ አጠገቡ ሆነው እህል ያቀመሱት መምሬ ናቸው።

ለምን እንዳደረጉትም ገባው። ከጮቄ ዋሻዎች በአንዱ ቁስለኛ አርበኞች እንደተኙ መንደሩ ሁሉ ይጠረጥራል። የትኛው ዋሻ እንደሆነ ግን ማን ያውቃል? ውበቱ አዳኝ ነበር፤ ሳያውቅ አይቀርም። ለካፒቴኑ ሊነግር የነበረውም ይህንኑ ነው። ሌላ ሰው እንዲህ ያለ ጉድ ቢሰማ ለአንዱ ሹክ ይላል፤ ቁስለኞቹ በሌሊት ይነሣሉ፤ ማንም አይሞትም። በንስሐ የሰማ ቄስ ግን ምስጢር ቢያወጣ ክህነቱን ያፈርሳል። መምሬ አፋቸውን ከሚከፍቱ እጃቸውን አነሡ። ወይ አበሳ! ቃሉን ጠብቀው ሰው ገደሉ።

ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው። ማንጠግቦሽ ከልጅዋ እግር ሥር ተቀምጣ ወደ ሰማይ ታያለች። አካለ ወልድ ተነሣ።

ግቢው ውስጥ ሁሉም ተሰበሰቡ፤ መምሬ ወልደ ሚካኤል፣ ወይዘሮ የብርጓል፣ ድረስ፣ ጎረቤቱ። እንዳላማውን ከነገመዱ አመጡት።

«ግራዝማችን የገደለው የፍም ጢስ ነው» አለ አካለ ወልድ። «ፊቱ ቀልቷል፤ ከድንጋዩ ኋላም አመድና ከሰል አግኝቻለሁ። ፍሙ የገባው በታችኛው ቀዳዳ ነው። ከዚያ ሁለቱም ቀዳዳ በጭቃ ተደፈነ፤ ሰውየው ሳያውቀው እንቅልፍ ወሰደው።»

«ፍሙ ያለው እሱ ጋ ነው» አለ አወቀ፣ ወደ እንዳላማው እያመለከተ።

«እሳቱ ውጭ ነው፤ ያለፈ ሁሉ ይዝቃል። አሁን ማተቡን ተመልከቱ። ግራዝማች ብሩ እንዳይተኩሰው ማተቡን አውልቆ ነበር የገባው። ሬሳው ግን አድርጎታል፤ ገላውም አልተቃጠለም። እንግዲህ ያጠለቀለት ሰው ቤቱ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው የገባው። ገዳዩ ፍሙን ሊጠርግ፣ ጭቃውን ሊነቅል ተመለሰ። ባዶ አንገት አየ። ሰው መግደል ችሎ፣ አንድ ክርስቲያን ያለ ማተብ ተኝቶ ማየት አልቻለም።»

ሴቶቹ አማተቡ።

«የብርጓልና ድረስ የገቡት አብረው ነው፤ እንዳላማው እየጮኸ፤ አንዱ ማተቡን ቢያጠልቅለት ሌላው ባየ። እንዳላማው ቢሆን፣ ከምንጭ እስኪለቁት ቤቱ ሲቀዘቅዝ እዚህ አልነበረም። ወታደሮችህ እስከ ቀትር ይዘውት ነበር፤ ጠይቃቸው።»

አወቀ ወደ ወታደሮቹ ዞረ። አንዱ «አዎ» ብሎ አንገቱን ነቀነቀ።

«ድረስ፣ መምሬ ቤት ስትደርስ ምን አሉህ?»

«‹ማተቡ ባንገቱ ነው› አሉኝ...» ድረስ የተናገረውን ራሱ ሰማው። እጁን አፉ ላይ ጫነ።

«ሬሳውን ሳያዩ» አለ አካለ ወልድ። «ወሸባ ውስጥ እንደሞተ እየሰሙ። ወሸባ ሲገባ እንደሚያወልቅ የነፍስ አባቱ ያውቃሉ። መምሬ፣ ቀኝ እጅዎን ያሳዩን።»

መምሬ ጋቢውን ፈቱ። መዳፋቸው ተልጦ ውሃ ቋጥሯል።

«ልጁ ሲሰቀል ዝም ሊሉ ነበር?» አላቸው ዳኛው።

«ከቀትር ጀምሮ ከራሴ ጋር ስታገል ነው የዋልሁት» አሉ። «እኔ ነኝ ብል ‹ለምን?› ይሉኛል። ልጁን ፍቱት። እኔ ነኝ።»

አወቀ ከወንበሩ ተነሣ። «ለምን?»

መምሬ ዝም አሉ።

«ምክንያቱን ተናገር፤ ካፒቴኑ ይምሩሃል። ነገ ሊነግረን የነበረ ነገር አለ፣ አይደል? ምንድን ነው? አትናገርም? ማርቆስ ላይ የሚያናግሩህ ሰዎች አሉ!»

መምሬ በዱላ ቢደበድቧቸውም አይናገሩ ይሆናል። ቢናገሩስ? አወቀ ነገር ሸትቶታል፤ ዛሬውኑ ተራራውን ማስፈተሽ ይጀምራል። አካለ ወልድ አርባ ዓመት ሲፈርድ በሐሰት መስክሮ አያውቅም።

«መሬት ነው» አለ።

«ምን?»

«የመሬት ጠብ ነው። ውበቱ የቤተ ክርስቲያኑን መሬት ቆርሶ ወሰደ። ክርክሩን እኔው ራሴ አይቼዋለሁ። ነገ ማርቆስ የሚወርደውም ካፒቴኑ እንዲያጸድቁለት ነበር። ጎጃም ውስጥ ሰው ለምን ይገዳደላል ብለህ ነው?»

አወቀ ትንሽ አሰበ። ኋላ ሳቀ፤ «የገበሬ ነገር!» ብሎ ደብተሩ ላይ ጻፈ። በቅሎውን ሊያስጭን ሄደ።

ከእንዳላማው የፈቱትን ገመድ ለመምሬ አዞሩት። ማንጠግቦሽ ልጅዋን አቅፋ እየጮኸች ታለቅሳለች። አካለ ወልድ ወደ መምሬ ተጠጋ።

«የመሬት ጠብ የለም እኮ» አሉት በሹክሹክታ። «ስለ እኔ ሲሉ ዋሹ፣ ዳኛው።»

«ስለ እርስዎ አይደለም። ዋሻው ውስጥ ስላሉት ነው።»

መምሬ ደነገጡ። «እኔ ለማንም ትንፍሽ አላልሁም!»

«አላሉም። ዝም ማለትዎ ነው የነገረኝ።»

«እንግዲያው ንስሐ ይግቡበት፣ ዳኛው። የሐሰት ምስክርነት ቀላል አይደለም።»

«ለማን ልንገረው?» አለ አካለ ወልድ። «የነፍስ አባቴን አሳልፌ የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

ወታደሮቹ ገመዱን ሳቡት፤ መምሬ ወልደ ሚካኤል ቁልቁለቱን ጀመሩ።