የካሚዮኑ ሊጥ

«ኣምለሰት፣ ምን ላይ ነው የተቀመጥሽው?» አለች የሺሀረግ ጀላቲዋን እየላሰች።

ኣምለሰት ከአግዳሚው ወንበር ብድግ አለች። እርጥቡ ጨርቅ ወንበሩ ላይ ልጥፍ ብሎ ቀርቷል። ስትፈታው፣ አባቷ «እንደ እንቁላል ተጠንቅቀሽ ያዢው» ብሎ የሰጣት ሊጥ ቂጣ ሆኗል። ያውም የማን መቀመጫ እንደዳመጠው ከሩቅ የሚያሳብቅ ቂጣ።

«ውይ በሞትኩት!»

የሺሀረግ በሳቅ ፈረሰች። በአስመራው አውራ ጎዳና፣ ኮምቢሽታቶ ላይ ወዲያ ወዲህ የሚለው ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ከዚያ ግን የጓደኛዋን ፊት አየችና ሳቋን ዋጠችው። «ሊጥ አይደለም እንዴ? ለሊጥ ይለቀሳል?»

ለዚህኛው ይለቀሳል። ለምን እንደሆነ ለመናገር ግን ከካሚዮኑ መጀመር ይኖርብናል።

የኣምለሰት አባት ጠዓመ፣ ጣሊያን ጥሎት የሄደ አንድ አሮጌ ካሚዮን አለው። አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ያለው መንገድ የእሱ ነው፤ ሌላው ሾፌር የሚሸሸውን አሸዋ፣ ድንጋይና ደረቅ ወንዝ እሱ ይገባበታል። ካሚዮኑ ጉድጓድ ሲገባ ጭነቱን ተሸክሞ የሚያነጥረው ብረት፣ ባሌስትራው፣ ይታጠፍና ከሥር ያለው የጎማዎቹ ዘንግ ወደ ላይ፣ ወደ ካሚዮኑ አጥንት፣ ወደ ሻንሲው ይጠጋል። ብረት ከብረት እንዳይጋጭ በመሃል፣ በግራም በቀኝም፣ ጡጫ የሚያህል ማረፊያ ጎማ ይደረጋል። የጠዓመ ካሚዮን ማረፊያዎች ደግሞ አርጅተው ከረገፉ ቆይተዋል። ጭነቱ እህል በነበረ ጊዜ ማንም ግድ አልሰጠውም። እህል ወገቤን አይል።

ባለፈው እሁድ የተጫነው ግን የእናቷ ወንድም፣ ኣኮይ ዓንደማርያም ነበር። ቆላ ወርዶ የውሃ ጉድጓድ ሲቆፍር አፈሩ ተንዶበት ወገቡን ተጎድቷል። ጠዓመ አስመራ ሐኪም ቤት ሊያመጣው ሄዶ ፍራሽ ላይ አስተኛው። ገና ደረቁን ወንዝ ሳይሻገሩ ካሚዮኑ አንድ ድንጋይ ላይ ሲወድቅ ብረት ከብረት ተጋጨ፤ ሰውዬውም ጮኸ። ጠዓመ ያን ጩኸት ለቤተሰቡ ሊያወራ ጀምሮ መጨረስ አቅቶታል። የመንደሩ ድሬሰር «እንዲህ እያንገጫገጭክ ከወሰድከው ዳግመኛ በእግሩ አይሄድም» ስላለው ወደ ጎጆው መለሱት። ቤት ጊዮርጊስ ያለውን የወታደሮች ኬላ የሚያሳልፈው ወረቀት ደግሞ ለመጪው ቅዳሜ ብቻ ነው የተሰጠው። ቅዳሜ ካለፈ ሌላ ወረቀት መቼ እንደሚገኝ እግዜር ይወቅ።

ታዲያ ማረፊያው ጎማ ቁመቱ ስንት ይሁን? ጠዓመ በግምት የሚሠራ ሰው አይደለም። ካሚዮኑ ላይ አሸዋ በጆንያ ጫነ። ሚስቱን ጸሃይን ጠጠር ያለ ሊጥ አስለወሰና ዘንጉ ላይ ለጠፈው። ከዚያ የባቡር ሐዲዱ መንገዱን በሚያቋርጥበት ቦታ ካሚዮኑን ወዲያ ወዲህ አመላለሰው። በሁለቱ ብረቶች መሃል ተጨምቆ የቀረው የሊጥ ውፍረት፣ እሱ ነው የጎማው ቁመት። የሰፈራቸው የሓዝሓዝ ጎረቤቶች «ጠዓመ ለመኪናው ቂጣ ሊጋግር ነው!» እያሉ ተሳሳቁበት።

«ሳቁ» አላቸው። «ጣት ከሰው ሰው ይለያያል፣ ዓይንም ይደክማል። ይሄ ሊጥ ግን አይዋሸኝም።»

ይህ ሁሉ የሆነው ዛሬ፣ ሐሙስ ከሰዓት ነው። ጠዓመ ወረቀቱን ሊያስፈርም መሄድ ስለነበረበት ሊጡን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ለኣምለሰት ሰጣት። «ጓለይ፣ ልጄ፣ በቀጥታ መደበር ገበያ፣ ኣያ ተኽኣ ጋ። ጎማውን አንቺ ምረጪ። ጥፍርሽን ጫን አድርጊበት፤ ገብቶ ከተመለሰ ጥሩ ነው። ቁመቱን ሊጡ ይነግራቸዋል።»

በቀጥታ ነው ያላት። በኮምቢሽታቶ በኩል መሄድ ደግሞ በቀጥታ መሄድ አይደለም። ግን የሺሀረግ በሱቅ መስኮት ያየችውን ቀይ ጫማ ላሳይሽ አለች፣ ጀላቲም ልጋብዝሽ አለች። ለየሺሀረግ እምቢ ማለት ይከብዳል። የሷ አባት ከጎንደር የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ትምህርቱ ሁሉ ወደ አማርኛ በዞረ ጊዜ ኣምለሰት ማንበብ ሲያቅታት አጠገቧ ተቀምጣ ቃል በቃል ያስጠናቻት እሷ ነች።

«በቃ መልሰሽ ጠፍጥፊው» አለች የሺሀረግ አሁን። «ውፍረቱ ምን ያህል ነበር?»

«እኔ እንጃ። ሦስት ጣት? ሦስት ያልሞላ?»

«በማን ጣት?»

ኣምለሰት ጣቶቿን አየቻቸው። ለካ ሊጡን ልብ ብላ አይታው አታውቅም። ወደ ቤት ተመልሳ «ተበላሸብኝ» ብትል አባቷ የት ነበርሽ ማለቱ አይቀርም። ሊጡን ሰብስባ እንደገና አድበለበለችው፣ ከላይና ከታች በመዳፏ ጫን አደረገችው። ትንሽ ወፈር አድርጋ ተወችው። ጎማ በወፈረ ቁጥር ይለሰልሳል፣ ለኣኮይም ይመቸዋል ብላ ራሷን አሳመነች።

መደበር ሲደርሱ የመዶሻው ድምፅ ጆሮ ይበሳል። እዚህ የተጣለ በርሜል ባልዲ ይሆናል፣ ያለቀ ጎማ በረባሶ ይሆናል። የሺሀረግ ድምፁን አልቻለችውምና በሩ ላይ ቀረች። ኣያ ተኽኣ የጎማ ክምር መሃል ተቀምጠው ሁለት ዓይነት ጎማ አቀረቡላት። አንዱ ከካሚዮን ጎማ ተቆርጦ በምስማር የተደራረበ ነው፤ ጥፍሯን ብትጫነው ምንም አላለም። ሌላው ከአሮጌ የባቡር ፉርጎ የወጣ ድፍን ጎማ ነው። ጥፍሯ ገባበት፤ ስታነሳው ምልክቱ ቀስ ብሎ ጠፋ።

«ይሄኛው» አለች።

«ጎበዝ! የጠዓመ ልጅ መሆንሽ ያስታውቃል።» ሊጡን ተቀበሏትና አገላበጡት። አንዴ ወደሷ፣ አንዴ ወደ ሊጡ ተመለከቱ። «ግራሶ የለበትም።»

«እ?»

«ብረት የጨመቀው ሊጥ ግራሶና ዝገት ሳይዝ አይመጣም። ይሄ በውጭው ንጹሕ ነው። የጣት ምልክትም አለበት።»

እዚህ ጋ መናገር ትችል ነበር። አፏንም ከፍታ ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«አባቴ ነው ያስተካከለው። ጠርዙን... አጽድቶት ነው።»

ኣያ ተኽኣ የጣቱን ምልክት በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉት። «ጠዓመ ካለ እሺ» አሉና ሊጡን ከጎማው አጠገብ አስቀምጠው በጠመኔ መስመር አሰመሩ። ቢላዋቸውን የሳሙና ውሃ ውስጥ ነከሩና ጎማውን ይቆርጡት ጀመር። ኣምለሰት ቢላዋው ወደ ታች ሲሄድ እያየች «አሁን ልንገራቸው፣ አሁን» ስትል የግራውም የቀኙም ማረፊያ ተቆርጦ አለቀ።

ማታ አባቷ ጎማዎቹን በጥፍሩ ሞክሮ ግንባሯን ሳማት። እናቷ «ተባረኪ፣ ወንድሜን ነው ያዳንሽልኝ» አለቻት። ኣምለሰት ራቷን ሳትጨርስ ተነሣች።

አርብ በትምህርት ሰዓት የአማርኛ መምህሩ እንድታነብ ሲጠሯት የትኛው ገጽ ላይ እንዳሉ አላወቀችም። በእረፍት የሺሀረግ ጎትታ ወደ ግንቡ ጥግ ወሰደቻት።

«ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መስሏል እኮ።»

«ትናንት ሳመኝ። እናቴም መረቀችኝ።»

«ታዲያ ጥሩ አይደለም?»

«ኣይፋል! ጥሩ አይደለም።» ኣምለሰት ስትጨነቅ ትግርኛዋ ይቀድማታል። «ዋሽቻለሁ። በአባቴ ስም ዋሽቻለሁ።»

«ብትነግሪው ይመታሻል? የኔ አባት ቢሆን ቀበቶውን ነበር የሚያነሳው።»

«የኔ አባት አይመታም። ዝም ነው የሚለው።»

«ዝም ማለት ምን አለው?»

«አንቺ የሱን ዝምታ አታውቂውም።»

የሺሀረግ መሬቱን በጫማዋ ጫረች። «ጠፍጥፊው ያልኩሽ እኔ ነኝ። ከፈለግሽ በኔ አሳብቢ።»

«የተቀመጥኩበት እኔ ነኝ» አለች ኣምለሰት።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ካሚዮኑ በራቸው ላይ ቆሟል። የጆንያው አሸዋ አጥሩ ሥር ተዘርግፎ፣ ባዶ ጆንያዎቹ ጎኑ ተጣጥፈዋል። እናቷ ደፉ ላይ ተቀምጣ የኣኮይን ፍራሽ በወፍራም መርፌ ትሰፋለች። አባቷ ከካሚዮኑ ሥር ገብቶ የመጨረሻውን ቡሎን እያጠበቀ ነው።

«አለቀ?» አለች እናቷ።

«እወ፣ አለቀ። ግን ረዘመብኝ» አለ ጠዓመ ከሥር። «በጣም ረዘመብኝ።»

«ቢረዝም ምን አለበት? ጎማ አይደለም?»

«እንዲህ አይደለም፣ ጸሃይ። ካጠረ ብረት ከብረት ይጋጫል። ከረዘመ ደግሞ ባሌስትራው ሥራውን ሳይሠራ ጎማው ቀድሞ ይመታል። በየጠጠሩ ዱብ፣ ዱብ። ያን ወገብ ይጨርሰዋል።»

ኣምለሰት ደብተሯን እንደታቀፈች ቆመች። ይመቸዋል ብላ ነበር እኮ ያወፈረችው።

«ኣያ ተኽኣ ተሳስተው ይሆን?» አለች እናቷ።

«እሳቸው? ሠላሳ ዓመት ጎማ ቆርጠዋል።» ጠዓመ ትንፋሹን በረጅሙ ለቀቀ። «አይ፣ ረዝሞ የታየኝ የኔ ዓይን ደክሞ ነው። እኔ እርጅና መጥቶብኝ እንጂ ሊጡስ አይዋሽም።»

ኣምለሰት ወደ ቤት ገባች። ከበሩ ኋላ ቆማ ደብተሯን ደረቷ ላይ ተጫነችው። ነገ ደረቁ ወንዝ ውስጥ፣ ኣኮይ ፍራሹ ላይ እየጮኸ፣ አባቷ ወርዶ ጎማውን ያየዋል። ያኔም ሊጡን አይጠረጥርም። እሷን አይጠረጥርም። የገዛ ዓይኑን ነው የሚጠረጥረው፤ ከዚያም በኋላ መሪ በጨበጠ ቁጥር አይቼ ይሆን አላየሁ ይሆን እያለ ይነዳል። አፈረች። ከማፈሯ የተነሣ ጆሮዋ ድረስ ጋላት።

መደበር የሚዘጋው ጀምበር ስትጠልቅ ነው።

ማድቤት ገባች። የዱቄቱን ጣሳ አወረደች፣ ውሃ ጠብ አደረገችና ማሸት ጀመረች። ሊጡ ጠጠር እስኪል አሸችው። ስትወጣ እናቷ መርፌዋን አየር ላይ ይዛ አየቻት።

«ለማን ነው?»

«ለካሚዮኑ።»

እናቷ መርፌዋን ፍራሹ ላይ ሰካች። ከካሚዮኑ ሥር የጠዓመ እግሮች ብቻ ይታያሉ። ኣምለሰት ተንበረከከች፤ መዳፏን ከነሊጡ ወደ ውስጥ ዘረጋች።

«ኣቦ።»

«እወ፣ ጓለይ። ይሄ ምንድን ነው?»

«ዓይንህ አልደከመም።» ድምፅዋ ተሰበረ፣ ግን አላቆመችም። «ያንተ ሊጥ ላይ ተቀምጬበት ነበር። ኮምቢሽታቶ ሄጄ ነበር። በግምት መልሼ ጠፈጠፍኩት። ኣያ ተኽኣ ሲጠይቁኝም አባቴ ነው ያስተካከለው አልኳቸው።»

የጠዓመ እግሮች አልተንቀሳቀሱም። የፈራችው ዝምታ መጣ፤ ረጅም ነበር፣ ከፈራችው በላይ ረጅም። ቢመታኝ ይሻል ነበር ብላ አሰበች። እናቷ ፍራሹ ላይ አንገቷን ደፍታ ቀረች።

«ጀምበር የት ደርሳለች?» አለ በመጨረሻ።

ኣምለሰት ቀና ብላ አየች። «ገና የጎረቤት ጣሪያ ላይ ነች።»

«ቁልፉን አቀብዪኝ።»

ዱቄት በነካው እጇ አቀበለችው። የመጀመሪያው ቡሎን ሲላላ ድምፁን ሰማች። ልኩ በአዲሱ ሊጥ እንደገና ሊወሰድ ነው፤ እስኪያዛት አልጠበቀችም። አጥሩ ሥር ሄዳ አካፋውን አነሣች፣ አንድ ባዶ ጆንያ ጎትታ አሸዋው አጠገብ ዘረጋች። እናቷ ከደፉ ወርዳ መጣችና የጆንያውን አፍ በሁለት እጇ ከፍታ ያዘችላት። አላየቻትም፤ ግን ያዘችላት።

ሐሙስ ዕለት የተጫነው ስምንት ጆንያ ይመስላታል። ስምንት መሆኑንም እርግጠኛ ነኝ ልትል ትንሽ ነበር የቀራት። አካፋውን አስቀመጠችና ወደ ካሚዮኑ ተመለሰች።

«ኣቦ፣ ሐሙስ ስንት ጆንያ ነበር የጫንከው?»

ከሥር የቁልፉ ድምፅ ለአፍታ ቆመ።

«ዘጠኝ» አለ።

«ዘጠኝ» አለች፣ ተመልሳም አካፋውን አነሣች።