ጣቢያው ነጥብ እስኪሆን

የኔሰው አጠገብ የተቀመጠው ሰው እዚህ መገኘት አልነበረበትም።

ምሥራቅ ፊልሙ ከሚታይበት ሸራ ጎን ቆማ ማስረዳቷን ቀጠለች። ለቢቸና ተማሪዎች የፊዚክስ መምህርት ናት፤ ለስለላ መሥሪያ ቤቷ ግን የምስጢር ስሟ «ድርጭት» ነው። የአዳራሹ መስኮቶች በብርድ ልብስ ተሸፍነዋል።

«ይሄ ወደ ምድር ከምትመለስ መንኮራኩር መስኮት የተቀረጸ ነው። ያ ግዙፉ፣ ሰዎች የሚኖሩበት የጠፈር ጣቢያ ነው። አሁን ተላቀቁ።»

«ወይ ጉድ! ክንፍ አለው እንዴ?» አለ አንድ ተማሪ።

«የፀሐይ ኃይል መሰብሰቢያ ነው።»

ዓይኗ ግን የኋላ ወንበር ላይ ነው። የኔሰው ወጣቶችን በበረሃ ለሚያሻግሩ ደላሎች ሾፌር ነበር፤ መንገድ ላይ የቀሩት ልጆች እንቅልፍ ነሡት። የአለቆቹን ድምፅ የቀዳበትን ሚሞሪ ዛሬ ሊያስረክባት መጣ። ይህን ከእሷ ሌላ የሚያውቀው አለቃዋ የሺጥላ ብቻ ነው። ሞጣ ሆኖ ሊጠብቃት ነበር የተስማሙት።

የሺጥላ እዚህ ነው። አንድ እጁ የኔሰውን ክንድ ጨብጧል። ሌላው ጃኬቱ ውስጥ ነው።

ሸጦናል።

ሥራውን ያስተማራት እሱ ነው።

ቅድም ሸራውን የሞላው ጣቢያ አሁን መዳፍ አክሏል። ነጥብ ሲሆን ፊልሙ ያልቃል፣ መብራት ይበራል፣ የሺጥላ የኔሰውን ይዞት ይወጣል። ከዚያ ወዲያ የኔሰውን በሕይወት የሚያየው የለም። በሩ አንድ ነው፤ እሷ አጠገብ። ብትጮህ ይተኩሳል።

«ቲቸር፣ እዚያ የቀሩትንስ ማን ያወጣቸዋል?»

«ሌላ መንኮራኩር» አለች።

ጣቢያው ነጥብ ሆነ።

«አባ ገብረ ክርስቶስ መጡ!» አለች ድንገት ወደ በሩ ዞራ።

የከተማውን ግማሽ ያጠመቁ ሽማግሌ ናቸው። አዳራሹ በጨለማ ግር ብሎ ተነሣ። «ኖር! ኖር!»

የሺጥላም ተነሣ። የቢቸና ልጅ አይደል! ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ «ኖር!» አለ።

በሩ ላይ ማንም አልነበረም።

የኔሰው በቆሙት መሃል ሾልኮ መጣ። ሚሞሪውን መዳፏ ላይ ጣለ።

«ውጣ! ሩጥ!»

ተከትላው ወጣች። የሺጥላ ሲባንን ተማሪው ሁሉ መተላለፊያውን ዘግቶበታል።

በማግስቱ ተያዘ፤ ደላሎቹም። የኔሰው ተረፈ። የእሷን ፊት ግን ያልተያዙ ግብረ አበሮቻቸው አውቀውታል፤ ምሥራቅ የምትባል መምህርት መጥፋት ነበረባት።

ሞጣ መናኸሪያ በሻርፕ ተሸፋፍና የባሕር ዳር ሚኒባስ ስትጠብቅ፣ አንዲት እናት ክንዷን ያዝ አደረጓት። አሰጋሽ ናቸው፤ ቢቸና ቤት ያከራዩዋት፣ ታማ ሳለ እንደ ልጃቸው ያስታመሟት።

«ምሥራቅ! ልጄ! ሳትሰናበቺኝ?»

ልታቅፋቸው ፈለገች። ከኋላቸው የቆመውን ሰው አታውቀውም።

«ተሳስተዋል እናቴ። ሌላ ሰው መስዬዎት ይሆናል።»

አሰጋሽ ፊቷን ቆይተው አዩት። ክንዷን ቀስ ብለው ለቀቁ።

«ይቅርታ፣ እሷን መስለሽኝ ነው» አሉ። «ምናልባት ካገኘሻት፣ አሰጋሽ አልተቀየመችሽም በያት።»

«እሺ እናቴ» አለች። ሚኒባሱ ውስጥ ገባች፤ ረዳቱም በሩን ዘጋው።